የአንጎልን ክፍተቶች ለምትለኩ ወጣት ባልደረቦቼ

በጥቁር አንበሳም ሆነ በሜክሲኮና በካዛንቺስ አካባቢ ባሉ የግል ምርመራ ማዕከላት የምትሠሩ ወጣት ራዲዮሎጂስቶችና የኤምአርአይ ባለሙያዎች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው። የአንጎል ክፍተቶችን፣ ማለትም ቬንትሪክሎችን፣ ስትለኩ ሌላ ሰው ልኬቱን ቢደግመው ያንኑ ቁጥር በሚያገኝበት መንገድ ለኩ። በከተማችን ታካሚው ምስሉን ራሱ ይዞ ይዞራል፤ ፊልሙና ሲዲው በፌስታል ተይዞ ከአንዱ ማዕከል ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ዛሬ የጻፋችሁትን ቁጥር ከወራት በኋላ የማያውቃችሁ ሐኪም በሌላ መሣሪያ ከተነሣ ምስል ጋር ያስተያየዋል። ያኔ የሚያየው ልዩነት ከበሽታው ይሁን ከአለካካችሁ መለየት ካልቻለ፣ ቁጥሩ ባይጻፍ ይሻል ነበር።

በጎልማሳ ሰው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው፣ ክፍተቶቹንም የሚሞላው ፈሳሽ በጠቅላላው 150 ሚሊሊትር ገደማ ሲሆን፣ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል አዲስ ይመነጫል። መተላለፊያው ሲጠብ ወይም ፈሳሹ ወደ ደም የሚመለስበት መንገድ ሲሰናከል ክፍተቶቹ ይሰፋሉ። የአንጎል አካል በዕድሜ ወይም በበሽታ ሲመነምንም ፈሳሽ ቦታውን ስለሚሞላው እንዲሁ ይሰፋሉ። ሁለቱ በስፋት ልኬት አንድ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ልኬት የኢቫንስ ኢንዴክስ ነው። ዊልያም ኢቫንስ በ1942 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አየር ወደ ክፍተቶቹ እየገባ በኤክስሬይ ይታይ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ እኛ ዛሬ የፊተኛዎቹን ቀንዶች፣ ማለትም የጎን ክፍተቶቹን የፊት ጫፎች፣ ከፍተኛ ስፋት በራስ ቅሉ ከፍተኛ ውስጣዊ ስፋት እናካፍላለን፤ ውጤቱ ከ0.3 ካለፈ ክፍተቶቹ ሰፍተዋል እንላለን። የራስ ቅሉ ውስጣዊ ስፋት 125 ሚሊሜትር፣ የቀንዶቹ ስፋት 38 ሚሊሜትር ቢሆን 0.304 ይሆናል፤ ቀንዶቹን 37 ብላችሁ ብትለኩ 0.296። አንድን ሰው ከድንበሩ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያደርገው አንድ ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፤ ይህም የታካሚው አንገት ትንሽ ቀና በማለቱ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ምስሉን የፊተኛውንና የኋለኛውን ኮሚሸር፣ ማለትም የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያያይዙትን ሁለት ትንንሽ የነርቭ ድልድዮች፣ በሚያገናኘው መስመር ላይ አስተካክላችሁ ቁረጡ፤ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቲ1 ምስል (ፈሳሹ ጠቁሮ የሚታይበት የኤምአርአይ ዓይነት) ካላችሁ ከ5 ሚሊሜትሩ ይልቅ በእርሱ ለኩ፤ ምክንያቱም በወፍራሙ ቁራጭ የፈሳሹና የአንጎሉ ጠርዝ ይደባለቃል። የለካችሁበትን ምስል ቁጥር ከነመስመሩ አስቀምጡ። ይህን ጊዜ ማባከን ነው የሚላችሁ ቢኖር አትስሙት።

በ1965 እ.ኤ.አ. ሳሎሞን ሃኪምና ሬይመንድ አዳምስ ከባልደረቦቻቸው ጋር የገለጹት በሽታ፣ የፈሳሹ ግፊት ብዙም ሳይጨምር ክፍተቶቹ የሚሰፉበት፣ በአረማመድ መለወጥ፣ በመርሳትና ሽንት ባለመቆጣጠር ይታወቃል። በእኛ ዘንድ እነዚህ ሦስቱም «እርጅና ነው» ተብለው ዓመታት ያልፋሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፣ ከታማሚዎቹ መካከል በሻንት፣ ማለትም ፈሳሹን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል በሚያፈስስ ቱቦ፣ የሚሻሻሉ አሉና። ጤነኛ ሆነው ሳለ ከ70 ዓመት በኋላ ኢንዴክሳቸው ከ0.3 የሚያልፍም ጥቂቶች ስላይደሉ በዚያ ቁጥር ብቻ አትፍረዱ። በኋለኛው ኮሚሸር በኩል፣ ለኮሚሸሮቹ መስመር ቀጥ ብሎ ከጆሮ ወደ ጆሮ በተቆረጠው ምስል ላይ የካሎሳል አንግልን፣ ማለትም በሁለቱ የጎን ክፍተቶች መካከል ያለውን ማዕዘን፣ ለኩ፤ ከ90 ዲግሪ ማነሱ፣ በአናት በኩል ያሉት የአንጎል እጥፋቶች መጣበባቸውና የጎን ስንጥቆቹ መስፋታቸው በአንድነት ብዙ ይናገራሉ። የመጠየቂያ ወረቀቱ «ራስ ምታት» ብቻ ቢልም፣ አብሮ የመጣውን ልጅ «እማማ ሲራመዱ እግራቸው ከወለሉ ይጣበቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የክፍተቶቹን ይዘት በራሳቸው የሚያሰሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መምጣታቸው መልካም ነው። ሆኖም እጅግ በሰፉ ክፍተቶች ላይ፣ ማለትም በጣም በምንፈልጋቸው ጊዜ፣ ወሰኑን ሊስቱ ይችላሉ፤ የማመሳከሪያ ቁጥሮቻቸውም በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። የቀቡትን ወሰን በዓይናችሁ ሳታዩ ቁጥሩን አትቅዱ።

በሕፃናት ላይ የኢቫንስ ኢንዴክስ አይበቃም፤ የኋላ ቀንዶቹ ከፊተኞቹ ይበልጥ ሊሰፉ ስለሚችሉ ሁለቱንም ለኩ፣ የራስ ዙሪያውንም መለኪያ ከእናቲቱ ካርድ ላይ ጠይቁ። ሻንት ላለው ልጅ አጭሩ ፈጣን ቲ2 ምስል (ፈሳሹ ነጭ ሆኖ የሚታይበት) ብዙ ጊዜ ያለ ማደንዘዣ ይበቃል፤ ዋናው ነገር የቀድሞውን ሲዲ ከፍቶ በዚያው ቁራጭ ላይ ማስተያየት ነው። ውጭ አገር ታክመው ከሚመለሱት አንዳንዶቹ ግፊቱ በማግኔት የሚስተካከል የሻንት ቫልቭ አላቸው፤ ኤምአርአዩ ሊለውጠው ስለሚችል የቫልቩን ዓይነት ምስሉን ከመነሳታቸው በፊት ጠይቁ፣ ከተነሱም በኋላ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቅንብሩን ሳያረጋግጥ ወደ ቤት እንዳይሄዱ አድርጉ።