በአሥረኛ ክፍል የመጣ የፉትቦል ኦፈር፦ ልጁ ኬሚስትሪውን ይተው?

ጥያቄው የመጣው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ከሚኖሩ እናት ነው። ልጃቸው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። በአሜሪካን ፉትቦል ዲፌንሲቭ ኤንድ (በተከላካይ መስመሩ ጫፍ የሚቆም ተጫዋች) ሆኖ ይጫወታል። ሰመር ላይ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጀው ካምፕ ተካፍሎ ነበር። ካምፑ ሲያልቅ አንድ አሰልጣኝ ለብቻው ጠርቶ «ስኮላርሺፕ ልንሰጥህ እንፈልጋለን» አለው። ልጁም የዚያኑ ማታ ዜናውን ኤክስ ላይ ለቀቀው። አሁን «እኔ ኮሌጅ አግኝቻለሁ፤ ኬሚስትሪን ትቼ ቀለል ያለ ትምህርት ልያዝና ጂም ልሥራ» ይላል። አባት ደግሞ «ኳሱን ተውና ተማር» ባይ ናቸው። እናት መሃል ላይ ቆመው «ይህ ነገር የምር ነው? እንመንበት?» ብለው ጠይቀውኛል።

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። አሰልጣኝ ዝም ብሎ ልጅ ለብቻው አይጠራም። በአሜሪካ ሃይስኩሎች ፉትቦል የሚጫወቱት አንድ ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ኮሌጅ ገብተው የሚጫወቱት ከመቶው ሰባት ያህሉ ብቻ ናቸው። ትልቁ ደረጃ ላይ፣ ማለትም ዲቪዥን አንድ የሚደርሱት ደግሞ ከመቶ ሦስት አይሞሉም። ስለዚህ አባቱ ነገሩን እንደ ልጅነት ጨዋታ ባያዩት እወዳለሁ። ልጁ ተሰጥኦ አለው፤ ያዩት ሰዎችም ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው።

ግን ልጅዎ ኮሌጅ አላገኘም። በእጁ ያለው የአፍ ቃል ነው። የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለፉትቦል ተጫዋች የጽሑፍ ኦፈር መስጠት የሚችለው ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ፊርማው የሚመጣው ደግሞ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ የተባለው ሁሉ ማንንም አያስርም። አሰልጣኙ ነገ ሐሳቡን ቢቀይር የሚጠይቀው የለም። ልጅዎም «እሺ፣ መጣሁ» ብሎ ኮሚት ቢያደርግ እንኳ ሊተወው ይችላል።

ታዲያ ለምን በ15 ዓመቱ ይነግሩታል? ምክንያቱም የአፍ ኦፈር ምንም አያስወጣቸውም። በአንድ ዓመት ከሁለት መቶ በላይ ልጆች «እንፈልግሃለን» የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ። የሚያስፈርሙት ግን ብዙውን ጊዜ 20፣ ቢበዛ 25 ያህል ነው። መጀመሪያ ኦፈር የሰጠ ትምህርት ቤት ልጁ ልብ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ቤተሰቡም አይረሳውም። አንዱ ከጀመረ ሌላው መቅደም አለበት። የፊርማው ጊዜም ራሱ ወደፊት መጥቷል። ድሮ ሁሉም የሚፈርመው ፌብሩዋሪ ላይ ነበር። በ2017 የዲሴምበር ፊርማ ተጨመረ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ልጅ የሚፈርመው ያኔ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ ዲሴምበር መጀመሪያ ሳምንት ተገፋ። ዩኒቨርሲቲው በራሱ ወጪ ልጁን የሚያስጎበኘውም ከአሥራ አንደኛ ክፍል ኤፕሪል ጀምሮ ነው። አሰልጣኞች ለዚያ ሁሉ ለመድረስ ሲሉ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ያሉ ልጆችን ያሳድዳሉ። ይህን አልወደውም። ገና አካሉ ያልጨረሰ ልጅ ላይ የአዋቂ ውሳኔ መጫን ነው። ግን አሠራሩ ይኸው ነው፤ አውቆ መግባት ይሻላል።

የዴቪድ ሲልስን ታሪክ ለልጅዎ ይንገሩት። በ2010 ሲልስ የ13 ዓመት ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ቡድኑን የሚመራ ተጫዋች ነበር። ሎስ አንጀለስ ያለው ዩኒቨርሲቲ የዩኤስሲ ዋና አሰልጣኝ ሌን ኪፈን ኦፈር ሰጡት፤ እሱም ተቀበለ። አገር ጉድ አለ። በ2013 ኪፈን ተባረሩ፤ ሲልስም ዩኤስሲ ሳይገባ ቀረ። በ2015 ዌስት ቨርጂኒያ ገባ፤ እዚያም ሪሲቨር፣ ማለትም የተወረወረ ኳስ ተቀባይ አድርገው ያጫውቱት ጀመር። ኳርተርባክ ለመሆን ብሎ ወደ ጁኒየር ኮሌጅ ሄዶ ሞከረ። ከዚያ ተመልሶ በ2017 በሪሲቨርነት 18 ታችዳውን ያዘ፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከፍተኛው ቁጥር ነበር። ልብ ይበሉ፤ ልጁ ተሳክቶለታል። ግን በሌላ ትምህርት ቤት፣ በሌላ አሰልጣኝ፣ በሌላ ቦታ ላይ ተሰልፎ ነው። በ13 ዓመቱ ከተባለው አንዱም አልሆነም።

ዛሬ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከ2021 ወዲህ ኮሌጅ ውስጥ ያለ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዘዋወር ይችላል። ፖርታል የሚሉት ይህ ነው። አሰልጣኙ ተፈትኖ የታየ የ21 ዓመት ጎረምሳ ማምጣት እየቻለ የሃይስኩል ልጅ እስኪበስል ለምን ሦስት ዓመት ይጠብቃል? በዚያ ላይ በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ጀምረዋል፤ የፉትቦል ቡድናቸውም ከ105 ተጫዋች እንዳይበልጥ ተደርጓል። ለሃይስኩል ልጅ የሚቀረው ቦታ ጠቧል።

እንግዲህ አሰልጣኙን ምን ልጠይቅ ካሉ፣ ከሁሉ በፊት ይህን፦ «ልጃችን ዛሬ ኮሚት ላድርግ ቢላችሁ ትቀበሉታላችሁ?» መልሱ «አዎ» ብቻ ከሆነ ኦፈሩ የምር ነው። «እስቲ መጀመሪያ ግቢውን ይጎብኝ»፣ «በሚቀጥለው ዓመት ደግመን እንየው» ካሉ ግን ስሙን መዝገብ ላይ አስፍረውታል ማለት ነው እንጂ ቦታ አልያዙለትም። ያናገረው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። የዲፌንሲቭ ላይን አሰልጣኝ ከሆነ ዋናው አሰልጣኝ ያውቃሉ ወይ? ጥያቄውን አባትና እናት አብራችሁ ጠይቁ። ማፈር የለም፤ እነሱ ቤተሰብ እንዲህ ሲጠይቅ ለምደዋል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ደግሞ ሴፕቴምበር 1ን ይጠብቁ። የፉትቦል አሰልጣኞች ለልጁ በቀጥታ ቴክስትም ኢሜይልም መላክ የሚፈቀድላቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እስከዚያ ዝም ቢሉ አይጨነቁ፤ ደንቡ ነው። በእርግጥ የሚፈልጉት ግን ብዙ ጊዜ ልክ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ይጽፉለታል። ሳምንት አልፎ ምንም ካልመጣ ያ ኦፈር ቀዝቅዟል።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው ልምጣ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ዲቪዥን አንድ ለመጫወት ኤንሲኤኤ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ይጠይቃል፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 2፣ ሶሻል ሳይንስ 2፣ ቀሪው ከእነዚህና ከመሳሰሉት። አሥሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። ከአሥሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ ያን ጊዜ የተመዘገበው ውጤት ይቆለፋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ድጋሚ ወስዶ ማሻሻል አይቻልም። በእነዚህ ትምህርቶች አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። «ቀለል ያለ» የሚለው ትምህርት ደግሞ ኤንሲኤኤ ለትምህርት ቤቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። ከሌለ ጭራሽ አይቆጠርለትም። ኬሚስትሪን ጥሎ የአፍ ቃል ይዞ ከቀረ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆንበታል።

ለአባትየውም አንድ ነገር ልበል። እንደ ሃርቫርድ ያሉት የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎችና የዲቪዥን ሦስት ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ግን ፉትቦል ይጫወታሉ፤ አሰልጣኞቻቸውም ልጅ ይመለምላሉ። አሰልጣኙ ከፈለገው የልጁን ትራንስክሪፕት ለአድሚሽን ቢሮው ቀድሞ ያሳይለታል። የትምህርት ወጪው ደግሞ በቤተሰቡ ገቢ ተሰልቶ ይሸፈናል። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ በፉትቦል ዲቪዥን ሦስት ነው። መካከለኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቦታ የሚሰጠው እርዳታ ከስፖርት ስኮላርሺፕ የማያንስበት ጊዜ አለ፤ ልጁ ጉልበቱን ቢጎዳም አይቋረጥም። እዚያ የሚያስገባው ግን ጥሩ የኬሚስትሪ ውጤት ነው። ስለዚህ ኳሱን ተው ከማለት፣ ኳሱ ትምህርቱን እንዲያግዘው ቢያደርጉ ይሻላል።

ይህን ደግሞ ለእሱ ያንብቡለት። አንተ ጎበዝ፣ ኦፈሩን የለፋህበት ነውና ደስ ይበልህ። ግን ሌላ በር አትዝጋ። የጨዋታ ቪዲዮህን ሃድል በሚባለው የስፖርት ቪዲዮ ድረ-ገጽ ላይ አሳምረህ ጫን፤ ምርጥ ምርጡን መጀመሪያ አድርገው። እነሱ ሊጽፉልህ ባይችሉም አንተ ለአሰልጣኞች መጻፍ ትችላለህ። ቁመትህን፣ ክብደትህን፣ ውጤትህንና ቪዲዮህን ጨምረህ በአጭሩ ጻፍ። ሌላ ካምፕም ሂድ። ኮሚት ለማድረግ አትቸኩል፤ ቢያንስ ግቢውን በደንብ ሳታይ፣ ከተጫዋቾቹ ጋር ሳታወራ አታድርገው። ኬሚስትሪ ከከበደህ አስጠኚ ይፈለግልህ እንጂ አትተወው።

«ገንዘብ ክፈሉና ልጃችሁን እናስመለምላለን» የሚሉ ሰዎች ከመጡ በትህትና ሸኙአቸው። የሚሠሩትን አብዛኛውን ሥራ ልጁና የሃይስኩል አሰልጣኙ በነጻ ይሠሩታል።

በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ካውንስለር ጋር ቀጠሮ ይያዙ። አባትየውም ይምጡ። በኤንሲኤኤ የጸደቁትን ትምህርቶች ዝርዝር አስወጥታችሁ ከልጁ ትራንስክሪፕት ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል መጨረሻ አሥሩ እንዴት እንደሚሞሉ እዚያው ጻፉት። ከዚያ የጎደለ ነገር ካገኛችሁ መልሰው ይጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።