ከቁፋሮው በላይ የነበረው ቤት

ባለፈው ወር ደሴ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ወጣት መሐንዲስ አጠገቤ ቁጭ አለ። ወሬ ወሬን አንስቶ ስለ ሥራው ማውራት ጀመርን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ፎቅ ልንጀምር ነው። ከኋላችን ዳገት አለ፤ ዳገቱ ላይ የሰው ቤት አለ። ባለሀብቱ ስድስት ሜትሩን ቀጥ አድርገህ ቁረጠው ይለኛል። የአፈር ምርመራው ከሥር አለት አለ ይላል። ልፈርምለት?»

መልስ አልሰጠሁትም። ቡናዬን ይዤ ዝም አልኩ። ያልሰማሁት መስሎት ይሆናል። ሰምቼዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. እኔም ይህን ጥያቄ ተጠይቄ ነበር። ፈረምኩ። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምትጠየቁም ነው።

ደሴ ሜዳ የላትም። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ ቦርከና መሃሏን ያልፋል። ሰው ሲበዛ መሬቱ አይሰፋም። ስለዚህ ወደ ላይ መሥራት ግድ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ሥራ ነው። ችግሩ ብዙው ሰፈር ያረፈው ከተራራው ተንሸራቶ በወረደ አፈር ላይ መሆኑ ነው። ሸክላ አለው፣ ጠጠር አለው። መሃል መሃሉ ላይ ደግሞ ጎጆ የሚያህል ቋጥኝ ይኖራል።

ያኔ 38 ዓመቴ ነው። አምስት ኪሎ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ትልልቅ ሕንፃ ሠርቼ ነው ወደ አገሬ የመጣሁት። ሥራው ጂ ፕላስ ሰባት ሆኖ ቤዝመንት አለው። ፊቱ አስፋልት፣ ጎንና ጎኑ ሱቅ፣ ጀርባው ዳገት። ለምርመራ ሦስት ቦታ ተሰረሰረ። በሁለቱ ዘጠኝ ሜትር ላይ ጠንካራ ባዛልት ተገኘ። አንድ ሜትር ያህል ገብተው አቆሙ። አለት ነው ተባለ።

ደንቡን አውቀዋለሁ። አለት ላይ ከደረስክ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ግባ ይባላል። አለትን ከቋጥኝ የምትለየው እንደዚያ ነው። ግን መሰርሰሪያው የሚከፈለው በሜትር ነው። ባለሀብቱ ቸኩሏል። እኔም ክረምት ሳይገባ ከጉድጓዱ መውጣት ፈልጌያለሁ። የቀረበልኝን ተቀበልኩ።

ከቁፋሮው በላይ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ጭቃ ቤት ነው፤ ደጃፋቸው ላይ ጤና አዳም ተክለዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲያፈሉ የዕጣኑ ሽታ ሳይታችን ድረስ ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ቡና ጀባ አሉኝ። መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ። የአባቴን አገር ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ መረቁኝ። ነገሩን ያነሱት በረካው ላይ ነው።

«ልጄ፣ እዚያ የምትቆፍሩት ላይ ምንጭ ነበር። እናቴ በእንስራ ትቀዳበት ነበር። ኋላ መንገድ ሲሠራ ጠፋ። ውሃው ግን የት ይሄዳል?»

«አብሽሩ እማማ፣ አጥንተነዋል» አልኳቸው።

አብሽር የኛ የወሎዎች ቃል ነው። ለጨነቀው ሰው የሚሰጥ ቃል ነው። እኔ አንዲት አሮጊት ዝም ለማሰኘት ተጠቀምኩበት። እሳቸውም ዝም አሉ። ሲኒውን ሰብስበው «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ።

ቁፋሮው ዘገየና ክረምቱ ጉድጓድ ውስጥ ያዘን። ነሐሴ መግቢያ ላይ ስድስት ሜትር ወርደናል። የተቆረጠውን ፊት በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፈነዋል። በቂ አልነበረም። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሦስተኛው ሌሊት ዘበኛው ደወለ። ስደርስ ዳገቱ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት አንድ ክንድ ያህል ሰጥሟል። የእማማ ማድ ቤት ተነቅሎ ጉድጓዳችን ውስጥ ገብቷል። በባትሪ ሳበራ ረከቦታቸው ጭቃው ላይ ተገልብጦ አየሁት።

እሳቸው ግን ተርፈዋል። ማታ የመኝታ ቤታቸው በር አልገጥም ብሏቸው፣ ፈርተው ጎረቤት ሄደው አድረዋል። ልብ በሉ፤ ቤት ከመፍረሱ በፊት ብዙ ጊዜ የሚናገረው በሩ ነው። እኔ ያልገባኝን በሩ ለእሳቸው ነግሯቸዋል።

ያደረግነው ቀላል ስህተት ነው። የዳገቱን እግር ቆረጥን። ዝናቡ አፈሩ ውስጥ ሲጠራቀም ቅንጣቶቹን እየገፋ እርስ በርስ የሚያያዙበትን ጉልበት ቀነሰው። ሊይዘው የሚችል ነገር ከፊቱ አልነበረም። በማግስቱ ግርጌውን በድንጋይና በገረጋንቲ መልሰን ሞላነው፤ ክብደቱ ዳገቱን እንዲያቆመው። ክረምቱ ሲወጣ እንደገና አሰረሰርን። «አለቱ» ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ቋጥኝ ነው። ከሥሩ እርጥብ ሸክላ አለ። እውነተኛው አለት 14 ሜትር ላይ ተገኘ። ዲዛይኑ ተቀየረ፣ ፓይል የሚባለው ወደ መሬት ጠልቆ የሚገባ ምሰሶ ገባ፣ ከኋላ ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ ያለው የድጋፍ ግንብ ተሠራ። ሕንፃው ዛሬም ቆሟል።

እማማ ካሳ ተከፈላቸው። ሸዋ በር አካባቢ ኪራይ ቤት ገቡ። ጥፋት የሚያስመስል ቃል እንዳትናገር ተብዬ ነበር፤ እሱን ምክንያት አድርጌ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት አለፈ። ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ለቅሶም አልደረስኩም። ወሎ ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም።

ከዓመታት በኋላ ኒው ዮርክ ስላለው የሲቲኮርፕ ሕንፃ አነበብኩ። 59 ፎቅ ነው። የቦታው አንድ ጥግ የቤተ ክርስቲያን ስለነበር ምሰሶዎቹ በማዕዘኑ ሳይሆን በየጎኑ መሃል ላይ ቆሙ። ሕንፃው ካለቀ በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ተማሪ ስለዚሁ አቋቋም ጥያቄ አነሳ። መሐንዲሱ ዊሊያም ለመዙሪየር ስሌቱን ከልሶ አየ። ከማዕዘን በኩል ለሚመጣ ነፋስ፣ በብየዳ ፈንታ በቡሎን የታሰሩት የብረት መገጣጠሚያዎች ደካማ እንደሆኑ ተረዳ። ራሱ ሄዶ ተናገረ። በያዮች ሌሊት ሌሊት እየገቡ አጠናከሩት። ታሪኩ ግን እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ ለሕዝብ አልተነገረም። ያ መደበቅ ዛሬም ያከራክራል። እኔን የገረመኝ ሰውየው ጥያቄን መስማቱ ነው። የኔ ጥያቄ በነፃ፣ ከቡና ጋር ቀርቦልኝ ነበር።

እናንተ ከኛ የተሻለ መሣሪያ አላችሁ። ኢታብስ በሚባለው የሕንፃ ማስሊያ ሶፍትዌር ላይ ሕንፃውን በቀለም ታሳዩኛላችሁ፤ ያምራል። ጫማችሁ ላይ ግን ጭቃ አላይም። ይህ ያሳስበኛል። አፈሩን በእጃችሁ ጨብጣችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። በሌላ በኩል እኔ ጭቃ ውስጥ ውዬ ነው የተሳሳትኩት። ዛሬ ያለው የዳገት ማስሊያ ሶፍትዌር ያኔ በእጄ ቢኖር፣ ውሃውን አስገብቼ አይቼው ቢሆን፣ ምናልባት እደነግጥ ነበር።

ሽማግሌ የሚለውን ስሙ እላለሁ። ግን «ይህ መሬት አባቴን ስድሳ ዓመት ተሸክሟል» የሚል ባለቤት ቢገጥማችሁ አትመኑት። መሬቱ የተሸከመው ጭቃ ቤት ነው። ደግሞም በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሷታል። ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚሁ መንገዳችን ላይ ነው። ስለዚህ ኮለኑ ውስጥ ስታፋ፣ የምሰሶውን ብረት አቅፎ የሚይዘው ቀለበት፣ ሲቀነስ ዝም የሚል ልጅ ሳይ እበሳጫለሁ።

አንተ ድንኳን ውስጥ የጠየቅከኝ ልጅ፣ አትፈርም። አለት የተባለውን ሦስት ሜትር ግባበት። የውሃ መለኪያ ቱቦ አስቀብርና ክረምቱን ጠብቅ። ዳገቱን ባንድ ጊዜ አትቁረጠው፤ ጠበብ ጠበብ እያደረግህ፣ እየደገፍክ ውረድ። ባለሀብቱ ቢቆጣ ይቆጣ። ከዚያ በፊት ግን ዳገቱን ወጥተህ ላይ ወዳለው ቤት ሂድ። ቡና ካሉህ ተቀመጥ፤ እስከ በረካው ድረስ ተቀመጥ። በራቸው ይገጥም እንደሆነ ጠይቅ።

ከለቅሶው መልስ እኔም ወደዚያ ሕንፃ ጀርባ ሄድኩ። የድጋፍ ግንቡ ሽበት አውጥቷል። ከታችኛው ቱቦ ውሃ ይወርዳል። የክረምት ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ወሩ ግን ጥር ነው። ሁለት ልጆች ጀሪካን ደቅነው ይቀዱ ነበር።