ደገኛ ነኝና ኤልበርትን ብቻዬን ልውጣ?

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በጁላይ ወር በሚኖረኝ አንድ የእረፍት ቀን ኤልበርት ተራራን ብቻዬን ወጥቼ በዚያው ቀን ለመመለስ አስቤያለሁ። ደብረ ብርሃን ያደግሁ ደገኛ ስለሆንኩ ከፍታው አያሰጋኝም፤ እህቴ ግን «ብቻህንማ አትሄዳትም» ብላ ይዛኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህትዎ የሰጉት ያለ ምክንያት ባይሆንም፣ በደንብ ተዘጋጅተው ይህን ተራራ ብቻቸውን ወጥተው የሚመለሱ ብዙዎች ናቸውና ሐሳብዎን ይተዉት አንልም። የደገኛነቱን ነገር ግን ባይተማመኑበት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኦሮራ 1,700 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ሰውነት ከከፍታ ጋር የተለማመደውም ዝቅ ወዳለ ቦታ ከወረደ በሳምንታት ውስጥ ይለቀዋል። ኤልበርት የሮኪ ተራሮች ሁሉ ቁንጮ ሆኖ 4,400 ሜትር ገደማ ስለሚደርስ፣ እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኙት 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ዋዜማውን በተራራው አቅራቢያ ከፍታ ላይ ባለችው ሌድቪል ከተማ ቢያድሩ መልካም ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎ ሽቅብ መሄዱን ያቁሙ፤ እግርዎ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ግን አንድም ደቂቃ ሳይቆዩ ይውረዱ።

ከከፍታው ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ሰዓቱ ነው። በሰሜን በኩል ያለው መንገድ ደርሶ መልስ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 1,400 ሜትር ገደማ ያስወጣል። በበጋ ጠዋቱ ጥርት ብሎ ይውልና ከቀትር በኋላ ደመናው ተሰብስቦ መብረቅ ይጥላል፤ ከ3,600 ሜትር ገደማ በላይ ደግሞ ዛፍ የሚባል ስለሌለ በገላጣው ላይ ከሁሉ ረዝመው የሚታዩት እርስዎ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት ገና ሳይነጋ፣ በግንባር ባትሪ ብርሃን መነሳትና ከቀትር በፊት ከጫፉ መውረድ ያስፈልጋል። ከላይ ደረስኩ ብለው ቀና ሲሉ ሌላ ጉብታ ከፊትዎ ተገትሮ ያገኙታል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው «ይብቃን፣ እንመለስ» የሚለው ጓደኛ ስለሌለው «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያለ ሰዓቱን የሚያሳልፈው እዚያ ላይ ነው። የመመለሻ ሰዓትዎን ቤትዎ ሳሉ በወረቀት ጽፈው ኪስዎ ያድርጉ፤ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረውም ሰዓቱ ከደረሰ ይመለሱ።

ከስንቅ ሦስት ሊትር ውሃ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃዎታል፤ የዝናብ ልብስና ጓንት ግን በጁላይም ቢሆን አይቅሩ። ችግር ከገጠመዎ ሂሳቡን ፈርተው 911 ከመደወል አይዘግዩ፤ በኮሎራዶ የተራራ ነፍስ አድን ሠራተኞች አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ ለፍለጋውና ለማውረዱ ገንዘብ አይጠይቁም። አምቡላንስና ሆስፒታል ግን ለብቻ ያስከፍላሉ።

ስልክ ላይሠራ ስለሚችል የሚሄዱበትን መንገድና የመመለሻ ሰዓትዎን ለእህትዎ በጽሑፍ ይተዉላቸው። «እስከ 8 ሰዓት ካልደወልኩ ለ911 ንገሪ» ሲሉም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብረው ይጻፉ፤ እርስዎ እንደ አገራችን ከቀኑ 8 ሰዓት ማለትዎ ሆኖ እህትዎ የአሜሪካኑን የማታ 8 ሰዓት ቢጠብቁ፣ የፍለጋው ስድስት ሰዓት በከንቱ ያልፋል።