«ሲዶኒ» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው። ጎረቤቶቼ ሴት ልጅ ወልደው «ሲዶኒ» አሏት። የሥራ ባልደረቦቼ ሲሰሙ «የአያት ስም!» ብለው ሳቁ። ትርጉሙ ምንድን ነው? ከየት መጣ?
ም.፣ ከሊዮን

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ስም እኮ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ! ወንጌል ላይ «ጢሮስና ሲዶና» ሲባል ሰምተሽ የለ? እሷው ናት። ሲዶኒ «የሲዶና ሴት» እንደማለት ነው፤ ሲዶኒዩስ ከሚለው የላቲን የወንድ ስም የመጣ። ከተማዋ ዛሬም ሊባኖስ ውስጥ አለች፣ ሳይዳ ትባላለች፤ ለሥራ ወደዚያ የሄዱ እህቶቻችን ሳያውቋት አይቀሩም።

የወንዱ ስም ደግሞ አንቺ ካለሽበት ጋር ዝምድና አለው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የክሌርሞን ጳጳስና ባለቅኔ የነበረው ሲዶኒዩስ አፖሊናሪስ የተወለደው እዚያው ሊዮን ነው። ስሙን የጌታ ሥጋ ከተገነዘበት የበፍታ ጨርቅ፣ በግሪክኛ «ሲንዶን» ከሚባለው ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ድምፁ ስለተቀራረበ ይመስለኛል፤ እኔ ሲዶና ላይ ነኝ።

ባልደረቦችሽ የሳቁት ወደው አይደለም፣ የድሮ ስም ነው። ግን ፈረንሳይ ውስጥ የአያት ስም ተመልሶ ፋሽን ሆኗል፤ ሉዊዝንና ሮዝን እያየሽ አይደል? ሲዶኒ ግን አሁንም ብርቅ ናት። ዝነኛዋ ደራሲ ኮሌት (እ.ኤ.አ. 1873–1954) ሙሉ ስሟ ሲዶኒ-ጋብሪዬል ኮሌት ነበር፤ ሰው የሚያውቃት በአባቷ ስም ነው። እናቷም ሲዶኒ ነበሩ፣ ሲያቆላምጧቸው «ሲዶ» ይሏቸው ነበር። ሕፃኗንም እንደዚያ ብትጠሪያት ወላጆቿ የሚከፋቸው አይመስለኝም።