«የተመዘገበ ደፋሪ» ማን ነው?

ጥያቄ፦ በሲያትል ላሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የሚታደል የልጆች ደኅንነት በራሪ ወረቀት እየተረጎምን ነው። «ሴክስ ኦፌንደር» የሚለውን አንዳችን «የተመዘገበ ደፋሪ»፣ ሌላችን «ወሲባዊ ወንጀለኛ» አልነው። «ደረጃ 1»ንም «አንደኛ ደረጃ ወንጀለኛ» ብለነዋል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሦስቱንም ብትተዉ ይሻላል።

«ደፋሪ» ጠባብ ነው። ሰሚው ወዲያው የሚያስበው አስገድዶ መድፈርን ነው፤ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 620 የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው የሚሰፍሩበት የአሜሪካው መዝገብ ግን የሕፃናት የወሲብ ምስል ይዞ ተገኝቶ የተፈረደበትንም ይጨምራል። ወላጅ «ደፋሪ» ሲባል ጉልበተኛ ብቻ ይታየዋል፤ ልጅን በስጦታና በጨዋታ የሚያባብለውን ሰው ይዘነጋዋል። «ወሲባዊ ወንጀለኛ» ደግሞ ቅጽሉን ከሰውየው ላይ ለጠፈው፤ ወሲባዊ የሆነው ወንጀሉ ነው።

«የተመዘገበ»ም ብቻውን ያሳስታል። «የተመዘገበ ድርጅት»፣ «የተመዘገበ ነርስ» ስንል ፈቃድ ያለው ማለታችን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲነሣ «በወሲብ ወንጀል ተፈርዶበት ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ሰው» በሉት፤ ከዚያ በኋላ «በመዝገቡ ያለ ሰው» ይበቃል። ረዘመ ብላችሁ «ተፈርዶበት»ን እንዳትቆርጡ አደራ። ተጠርጥሮ ወይም ተከሶ ብቻ መዝገብ የሚገባ የለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «አንደኛ ደረጃ» ነው። በአማርኛ አንደኛ ደረጃ ቡና ምርጡ ነው፤ አንደኛ ደረጃ ሌባም ከሌባ ሁሉ የባሰው። በዋሽንግተን ግዛት ግን ደረጃ 1 ወንጀሉን የመድገም ሥጋቱ ዝቅተኛ የሆነው ሲሆን ከፍተኛው 3 ነው። ወላጁ ተገላቢጦሽ ይረዳና ከ1 እየሸሸ በ3 ይዘናጋል። «ደረጃ 3፣ ከፍተኛ ሥጋት» ብላችሁ ቁጥሩንና ትርጉሙን አንድ ላይ ጻፉ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል የምዝገባ ሕግም ሦስት እርከን አለው፤ እሱ ግን የሚመድበው በወንጀሉ ዓይነት ነው፣ የምዝገባው ዘመንም 15 ዓመት፣ 25 ዓመትና ዕድሜ ልክ ነው። ይህን «እርከን»፣ የዋሽንግተኑን «ደረጃ» ብትሉ አይምታታም።

«በድረ ገጹ ሁሉንም ያገኛሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ሰርዙት። በዋሽንግተን ግዴታቸውን አክብረው የሚኖሩ የደረጃ 1 ሰዎች በአብዛኛው ለሕዝብ በሚታየው ገጽ አይወጡም።

ስለ ፍለጋውም አንድ መስመር ጨምሩ። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት አገር አቀፍ ድረ ገጽ የግዛቶችን መዝገብ ባንድ ጊዜ ይፈትሻል። ፍለጋው በስም ብቻ ከሆነ የእኛ ስም ያስቸግራል፦ «ኃይለ ማርያም» በላቲን ፊደል አንድ ቃልም ሁለት ቃልም ሆኖ ይጻፋል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ አንዳንዴም የአያት ስም ይገባል። ስለዚህ በአድራሻ ወይም በዚፕ ኮድም ይፈለግ። ስሙ ከተገኘም ሞክሼ ሊሆን ስለሚችል ፎቶውንና ዕድሜውን በግዛቱ ገጽ ማመሳከር የግድ ነው።

«ወንጀለኞችን አጋልጡ» የሚል ጥሪ ካስገባችሁም አውጡት። ከመዝገቡ ባገኙት መረጃ ሰውን ማስፈራራት ወይም ማዋከብ ራሱ ያስከስሳል። «በአካባቢያችሁ ማን እንዳለ እወቁ፤ የሚያሠጋ ነገር ካያችሁ ለፖሊስ ደውሉ» በሉ።