«ካፒላሪ»፣ «ቧንቧ» ወይስ «ሥር»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐኪሞች፣ የፊዚክስ ባለሙያዎችና መሐንዲሶች አብረው ስለሚያጠኗቸው፣ ከሁሉም ስለሚያንሱት የደም መተላለፊያዎች ለተራ አንባቢ እየጻፍኩ ነው። «ካፒላሪ» ልበል፣ «ጥቃቅን የደም ቧንቧዎች» ወይስ ሌላ ቃል አለ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ብሆን «ቀጫጭን የደም ሥሮች» ነው የምለው።

«ጥቃቅን» የምንለው ሁለመናው ያነሰውን ነው፤ ጥቃቅን ጠጠር፣ ጥቃቅን ነፍሳት። የስፌት ክር ከሆነ ግን ቀጭን እንላለን እንጂ ጥቃቅን አንልም። የእነዚህ ሥሮች ዋና ጠባያቸው ደግሞ ቅጥነታቸው ነው። ስፋታቸው ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ቢሆን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ፣ ተራውን ጠብቆ፣ አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው።

«ቧንቧ»ን ለእነዚህ አልመርጠውም። ለደም ቅዳና ለደም መልስ ያስኬድ ይሆናል። ቧንቧ ግን በአንድ በኩል ተቀብሎ በሌላው በኩል ይሰጣል፤ መሃል ላይ ካንጠባጠበ ተበላሽቷል። የቀጫጭኖቹ ሥሮች ግድግዳ የአንድ ሕዋስ ንጣፍ ብቻ ነው። ኦክሲጅንና ምግብ በዚያ በኩል ወደ አካል ይሻገራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ደሙ ይገባል። ዋና ሥራቸውም ይኸው ማሻገር ነው። ዛፍም ውሃ የሚጠጣው በወፍራሙ ሥሩ ሳይሆን በቀጫጭኖቹ ጫፎች ነው። አማርኛ ለዛፉም ለደሙም «ሥር» ማለቱ እንዴት ደስ ይላል! የግእዙ «ሥርው»ም የዛፍ ሥርም ነው፣ ጅማትም ነው። ስለዚህ አደራ፣ በንጉሡ «ሠ» ይጻፉት።

«ካፒላሪ» መነሻው ላቲን ሲሆን ፀጉርን ከሚጠራ ቃል የወጣ ነው። ችግሩ ግን እርስዎ ያነሱት የብዙ ሙያ ነገር ላይ ነው። ሐኪሙ «ካፒላሪ» ሲባል የደም ሥር ይታየዋል። የፊዚክስ ባለሙያው ደግሞ ውሃ በራሱ ሽቅብ የሚወጣበትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ያስባል። ሁለቱ ነገሮች መጎዳኘታቸው የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዜይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጨረሻ፣ ደም በቀጫጭን ሥሮች እንዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ፈለገ። ሙከራውን የሠራው ግን ውሃ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች እያሳለፈ ነው። በስሙ የሚጠራውን የፈሳሽ ፍሰት ሕግ የፊዚክስም የሕክምናም ተማሪ ዛሬ ድረስ ይማረዋል። እንዲህ ያለ ታሪክ ሲጽፉ አንድ «ካፒላሪ» ለሁለቱም ከዋለ አንባቢ ይምታታል። የመስታወቱን «ቀጭን ቱቦ»፣ የአካሉን «ቀጭን የደም ሥር» ብለው ይለዩዋቸው። ባለሙያም የሚያነበው ከሆነ መጀመሪያ ላይ አንዴ «ካፒላሪ የሚባሉት» ብለው ቢያስገቡ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቀጫጭን» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው፤ እንደ «ረጃጅም» እና «ትልልቅ»። ስለዚህ «ቀጫጭን የደም ሥር» ቢሉም «ቀጫጭን የደም ሥሮች» ቢሉም ልክ ነው። «አንድ ቀጫጭን የደም ሥር» ግን አይባልም፤ ለነጠላው «ቀጭን» ይበሉ።