ለአክሰንት ኮርስ ብር አትክፈይ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከአሜሪካ የመጡት አክስትሽ የባንክ ካርዳቸው ተቆልፎባቸው አንቺ ደወልሽላቸው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ማኒላ ሆና የምትሠራ ፊሊፒናዊት ነበረች። ነገሩን በአንድ ጥሪ ጨረሰችላችሁ። «የሷ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ይፈሳል፣ የኔ ግን ሀበሻ ሀበሻ ይላል» ብለሽኛል። አሁን እዚሁ አዲስ አበባ ለውጭ ደንበኞች የሚሠራ ኮል ሴንተር (ደንበኞችን በስልክ የሚያስተናግድ ድርጅት) ሊቀጥርሽ ፈልጓል። አንቺ ግን መጀመሪያ 40 ሺህ ብር ተበድረሽ የአክሰንት ኮርስ ልትገቢ አስበሻል። አባትሽ ደግሞ «በዲግሪሽ ስልክ ልታነሺ ነው?» ብለው ማስተርስ እንድትማሪ ይፈልጋሉ።

ኮርሱን ተይው። በዚህ ጉዳይ ጠንካራ አቋም ስላለኝ መልሴ አብዛኛው ስለሱ ነው።

የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ልጅቷ መጀመሪያ የአክስትሽን ስም ጠየቀች፣ በትክክል መያዟን ደግማ አረጋገጠች። ካርዱ የተቆለፈው ከአገር ውጭ ስለተጠቀሙበት መሆኑን አስረዳች። «ሁለት ደቂቃ ላቆያችሁ?» ብላ አስፈቀደች፣ በሁለት ደቂቃም ተመለሰች። አክስትሽ ሲቆጡ ድምጿን አልቀየረችም። ከመዝጋቷ በፊት ምን እንደተሠራ አንድ በአንድ ነገረቻችሁ። ይሄ ሁሉ የሥራ ችሎታ ነው፤ በሥልጠና የሚመጣ ነው። ደግሞ ፊሊፒናዊት መሆኗን በአነጋገሯ እንዳወቅሽ ራስሽ ጽፈሻል። አክሰንቷ አብሯት አለ ማለት ነው። ሥራዋን አላበላሸባትም።

ፊሊፒንስ በዚህ ሥራ እንዲሁ አልገነነችም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1946 ገዝታታለች። እንግሊዝኛ ዛሬም የትምህርት ቤትና የመንግሥት ቋንቋ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በስልክ አገልግሎት ህንድን አለፉ። ዛሬ በማኒላ፣ በሴቡ፣ በዳቫኦና በሌሎች ከተሞች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው በዚህና በተያያዙ ሥራዎች ይተዳደራል። አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን ስልክ አይሰጠውም። ሳምንታት ይሠለጥናል፣ ቀጥሎ ተቆጣጣሪ እያዳመጠው ይጀምራል። ጥሪው ይቀዳል፤ ጥራት የሚከታተል ሰው ሰምቶ ነጥብ ይሰጣል። የደዋዩ ማንነት በደንብ ተጣርቷል? ችግሩ በአንድ ጥሪ ተፈቷል? ስንት ደቂቃ ፈጀ? እነሱም በአንድ ወቅት ሠራተኛውን እንደ አሜሪካዊ ለማስነገር ብዙ ደክመዋል። የሚጠቅመው ግን ደዋዩ ያለ ችግር የሚሰማው ጥርት ያለ አነጋገር ነው።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በሆቴል ስልክ ኦፕሬተርነት ነው፣ በማታ ሺፍት። ኋላ ላይ ሠራተኛ መቅጠርና ማሠልጠን ሥራዬ ሆነ። ከአክሰንት ኮርስ የመጡ ብዙ ልጆች ለቃለ መጠይቅ ፊቴ ተቀምጠዋል። አሜሪካዊ ለመምሰል ሲሉ ቃላቱን ይውጧቸዋል፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ ይጀምራሉ። እኔ የምፈልገው አዳምጦ የሚጨርስ ሰው ነበር።

አንቺ የምታርሚው ነገር ትንሽ ነው። እኛ «ስትሪት» ማለት ሲገባን «እስትሪት» እንላለን። «ፒ»ን እንደ «ቢ» የምንልበት ጊዜም አለ። ስልክ ላይ ደግሞ ኤምና ኤን ይምታታሉ። ማታ ማታ ስሞችን፣ አድራሻዎችንና የካርድ ቁጥር የሚመስሉ ረጃጅም ቁጥሮችን ቀስ ብለሽ እያነበብሽ በስልክሽ ቅጂ። በማግስቱ ቅጂውን ብቻ እየሰማሽ ጻፊው። ራስሽ መጻፍ ያቃተሽ ቦታ ላይ ደዋዩም ይቸገራል። ለዚህ የሚከፈል ብር የለም።

ወደ አባትሽ ልምጣ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። ከተመረቅሽ ጀምሮ ቤት ነሽ፣ የሥራ ማስታወቂያ እያሳደድሽ። ማስተርሱን የሚከፍለው ማነው? በደብዳቤሽ መሠረት እሳቸው አይደሉም። ያለ አንድ ቀን የሥራ ልምድ ማስተርስ ጨርሰሽ ብትመጪ ቀጣሪው አሁን የሚጠይቅሽን ያንኑ ይጠይቅሻል፦ «የት ሠርተሻል?» ማኒላ ውስጥ ይሄንን ሥራ የሚሠሩት ብዙዎቹ ኮሌጅ የረገጡ ልጆች ናቸው። በደሞዛቸው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ። አባትሽ የናቁት እንጀራ ይሄ ነው። ማስተርሱ አይጠፋም፤ ሠርተሽ በራስሽ ብር ትማሪዋለሽ።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቀላል ቀላሉን ጥያቄ እየወሰደ ነው፣ እውነት ነው። የተናደደውና የተወሳሰበበት ደዋይ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ወንበር ላይ አትርጊ፤ ከዓመት በኋላ ጥራት ክትትል ወይም ሥልጠና ክፍል ልግባ በይ።

ሌሊቱን በተመለከተ ከማኒላ ይልቅ አዲስ አበባ ይቀላል። ደዋዮቹ አሜሪካውያን ከሆኑ፣ በበጋቸው ኒውዮርክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ ማኒላ ግን የምሽቱ 3 ሰዓት። እነሱ ሊነጋ ሲል ነው የሚወጡት። አንቺ እኩለ ሌሊት ላይ ቤትሽ ለመግባት ትነሺያለሽ። ፊሊፒንስ ውስጥ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ቢያንስ 10 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ በሕግ ተደንግጓል። አንቺም ከመፈረምሽ በፊት የማታው ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠይቂ። የሥልጠናው ሳምንታት ይከፈልባቸዋል? ቶሎ ብትለቂ ቅጣት አለው? እኩለ ሌሊት ላይ እስከ ሰፈርሽ የሚያደርስ ሰርቪስ አለ? መልሱን ውሉ ላይ ይጻፉልሽ። ሰርቪስ የለም ካሉ አትፈርሚ።